ስማችሁ መዝገብ ላይ መኖሩን ሳታዩ ማክሰኞን እንዳትጠብቁ

መቅዲ_አናንዴል | ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30፣ 2024

ሰላም ለሁላችሁም። የፊታችን ማክሰኞ የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። ዛሬ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ቨርጂኒያ የመራጮች መዝገብ የወሰነውን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ በቀጥታ እኛን ይነካል።

ገዥው ግሌን ያንግኪን ኦገስት 7 ላይ አንድ ትዕዛዝ ፈርመዋል። ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች በየቀኑ እየተጣሩ ከመራጮች መዝገብ ይውጡ የሚል ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ፕሬዚዳንት መምረጥ የለበትም፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ችግሩ ማጣሪያው ነው። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታደስ ዜግነት የሚጠይቅ ቦታ አለ። እዚያ ላይ "አይደለሁም" ያለ ወይም ሳይሞላ ያለፈ ሰው ስሙ ወደ ምርጫ ቢሮ ሊተላለፍ ይችላል። ከዚያ ደብዳቤ ይላክለታል። በ14 ቀን ውስጥ ዜጋ ነኝ ብሎ ካልመለሰ ይሰረዛል።

እስቲ አስቡት። ስንቶቻችን ነን በግሪን ካርድ መንጃ ፈቃድ አውጥተን በኋላ ዜግነት የወሰድነው? ስንቱ ነው ልጅ ታቅፎ፣ ሥራ ረፍዶበት፣ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ሁሉ በችኮላ እየነካ የሚያልፈው?

ከኦገስት ወዲህ ወደ 1,600 ሰው ተሰርዟል። የፍትሕ ሚኒስቴር ግዛቷን ከሰሰ። በ1993 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ምርጫ 90 ቀን ሲቀረው እንዲህ ያለውን የጅምላ ስረዛ ይከለክላል። ባለፈው ዓርብ የፌዴራል ዳኛዋ ሰዎቹ ወደ መዝገቡ ይመለሱ ብላ አዘዘች። ዛሬ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ትዕዛዝ አገደው። የተሰረዘው እንደተሰረዘ ይቆያል ማለት ነው። ጋዜጠኞች የተሰረዙትን እየፈለጉ ሲያነጋግሩ ደግሞ ዜጎች አግኝተዋል።

አክስቴ ደብዳቤው ከደረሳቸው አንዷ ናት። የካውንቲውን ስም አልጠራም። ፖስታውን ያገኘሁት የፒዛ ቅናሽና የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ መሃል ነው። ሳይከፈት ሦስት ሳምንት ተቀምጧል። የዜግነት ሰርተፊኬቷ ሳሎን ውስጥ ከልጆቿ የምረቃ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። እሷ "ይሄ የሌላ ሰው ነው" ብላ ልትጥለው ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ የቨርጂኒያ ምርጫ መምሪያ ገጽ ላይ ግቡ። ስም፣ የትውልድ ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ 4 ቁጥር ይበቃል። ተሰርዛችሁ ከሆነ አትደንግጡ፣ ቨርጂኒያ እዚያው ተመዝግቦ መምረጥ ይፈቅዳል። ቅዳሜ ኖቬምበር 2 ድረስ ቅድመ ምርጫ ጣቢያ ሄዳችሁ፣ ወይም ማክሰኞ በራሳችሁ ጣቢያ ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 7 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር። የሚሰጣችሁ ባሎት (የድምፅ መስጫ ወረቀት) "ፕሮቪዥናል" ይባላል። ለብቻው በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥና ዜግነታችሁና አድራሻችሁ ተጣርቶ ይቆጠራል። ፓስፖርታችሁን ወይም ሰርተፊኬታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባይጠይቋችሁም ያዙት።

እናት አባቶቻችሁን ጠይቁ። ፖስታቸውን እናንተ ክፈቱላቸው።

---

ታዲዮስ_የድሮው | ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30

መቅዲ ልጄ፣ ተባረኪ። በእኛ ዕድሜ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

እኔ ልጨምር የምፈልገው ስለ ፍርሃቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ የምሰማው ወሬ ልክ አይደለም። "ዘንድሮ ደም ሳይፈስ አያልቅም"፣ "ቤቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ" ይላሉ ትልልቆቹ። አልፈርድባቸውም። ጁላይ 13 ፔንሲልቫኒያ በትለር ውስጥ በእጩው በትራምፕ ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ከታዳሚው አንድ ሰው ሞተ። ሴፕቴምበር ላይ ፍሎሪዳ ጎልፍ ሜዳው አጠገብ ጠመንጃ የያዘ ሰው ተያዘ። ከትናንት በስቲያ ሰኞ ፖርትላንድና ቫንኩቨር ዋሽንግተን ውስጥ የባሎት ሳጥን ተቃጠለ። ቫንኩቨር ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ባሎት ተጎድቷል። ጃንዋሪ 6፣ 2021 ዋሽንግተን በኮንግረሱ ሕንፃ ላይ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው እንደውም ሰፈሩ ነው።

ምርጫ 97ን አገር ቤት ያየ ሰው ይህን ሲያይ ሆዱ ይባባል። ግንቦት 7 ከሌሊት ጀምሮ ነበር የተሰለፍነው። ያን ያህል ሰልፍ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ ያረጋገጠው የሟቾች ቁጥር 193 ነው። የእኔ ትውልድ ምርጫ ሲባል ሰልፉንም ሬሳውንም አብሮ ነው የሚያስታውሰው።

ግን እዚህ ያለው ሌላ ነው። እዚህ ክርክሩ የሚያልቀው ፍርድ ቤት ነው፤ ዳኛው ሲፈርድ ገዥውም ፕሬዚዳንቱም ይሰማል። በ2020 ከ60 በላይ ክስ ቀርቦ ውጤቱ ሳይቀየር ቀረ። ከዚያ በኋላ ሕጉንም አጥብቀውታል። ድሮ ኮንግረስ ውስጥ የአንድን ግዛት ውጤት ለመቃወም ከእያንዳንዱ ምክር ቤት አንድ አንድ ሰው ይበቃ ነበር። በ2022 መጨረሻ በወጣው ሕግ ከየምክር ቤቱ አንድ አምስተኛው መፈረም አለበት። ምክትል ፕሬዚዳንቱም ውጤት የመጣል ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ተጽፏል።

ስለዚህ እናንተ ልጆች አባቶቻችሁን "አትፍራ" ብቻ አትበሏቸው። አብራችሁ ሂዱ።

---

ክላርክስተን_ልጅ | ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30

ጆርጂያ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። የእኛ ጣጣ ስም ነው።

2018 ላይ "ኤግዛክት ማች" በሚባለው አሠራር 53,000 ሰው ምዝገባው ተይዞ ነበር። አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ፎርሙ ላይ ያለው ስም መንጃ ፈቃድ ላይ ካለው ወይም ሶሻል ሴኩሪቲ ጋር በፊደል ሳይቀር ካልገጠመ ይያዛል። በኋላ ሕጉ ላልቷል። ግን የሐበሻ ስም እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። አባቴ ፓስፖርቱ ላይ ገብረማርያም አንድ ላይ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ገብረ ለብቻ ማርያም ለብቻ፤ የባንክ ካርዱ ላይ ደግሞ ማርያም ጭራሽ የለም። የአያት ስም ሚድል ኔም የሆነበት፣ የአባት ስም ላስት ኔም የሆነበት፣ ከጋብቻ በኋላ የቀየረችው... ብዙ ነው።

ቅድመ ምርጫ የሚያበቃው ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው። ፎቶ ያለው መታወቂያ ግዴታ ነው። ወንበር ለሚያስፈልጋቸው ሽማግሌዎች ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ውሃችሁንም ራሳችሁ ያዙ። በ2021 በወጣው ሕግ መሠረት ከጣቢያው ሕንፃ 150 ጫማ ክልል ውስጥ ለተሰለፈ ሰው ውሃ ማደል ያስቀጣል።

"የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል" ለሚል፦ በ2020 ጆርጂያ ያለቀችው በ11,779 ድምፅ ነው።

---

ሸዋ_በዳላስ | ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ለማን ነው የምንመርጠው? ዴሞክራቶቹ በጦርነቱ ጊዜ ያደረጉብንን ረሳችሁት? በማዕቀብ አስፈራሩን። ጃንዋሪ 1፣ 2022 ከአጎዋ፣ ዕቃችን ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጡን። ሐዋሳ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ የነበሩ ልጆች ሥራቸውን አጡ። የእህቴ ልጅ አንዷ ናት። እኔ በዚያ የተቆጣሁት ቁጣ አልበረደልኝም፣ ለሃሪስ ድምፄን አልሰጥም።

---

ሲልቨርስፕሪንግ_እናት | ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ወንድም ሸዋ፣ የእህትህ ልጅ ጉዳይ ያሳዝናል፣ ከልቤ ነው። ግን ትራምፕ ኦክቶበር 2020 ላይ ጋዜጠኞች ባሉበት በስልክ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ያሉትንም አትርሳ። ሚሊዮን ድሃ ከመቀነቱ ፈትቶ ቦንድ የገዛበት ግድብ ነው። በዚያው ሰሞን ለኢትዮጵያ ከሚሰጠው እርዳታ ላይ ቆርጠዋል። ስለዚህ ለአገር ቤት ሲባል አንዱን ቅዱስ ሌላውን ሰይጣን ማድረግ አይሆንልኝም።

እኔ የምመርጠው እዚህ ለሚያድጉት ልጆቼ ነው። ሌላው ለሃይማኖቱ ይመርጥ ይሆናል፣ ሌላው ለኑሮ ውድነቱ። ሁሉም መብቱ ነው።

---

መቅዲ_አናንዴል | ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ሁለታችሁንም አከብራለሁ። ለማን ምረጡ የሚለውን እዚህ ክር ላይ ባናመጣው ደስ ይለኛል። የተሰረዘ ሰው ለማንም መምረጥ አይችልም።

ግን ወንድም ሸዋ ያነሳው ቁጣ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ኖቬምበር 2021 ቨርጂኒያ ገዥ ስትመርጥ፣ የባይደን መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጣ ብዙ ሐበሻ በግልጽ ለያንግኪን ዘመቻ አድርጓል። ሰልፍ ወጥተናል፣ ቤት ለቤት ሄደናል። እሳቸውም በ2 ፐርሰንት አካባቢ ልዩነት አሸነፉ። ያንን ያደረግነው እኛ ብቻ ነን አልልም። ግን አዲስ ዜጋ የሆነ ማኅበረሰብ ሲንቀሳቀስ ፖለቲከኛ እንደሚያየው ያኔ ገብቶኛል። ዛሬ ይህን ትዕዛዝ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ያኔ ድምፅ የሰጣቸው ሐበሻ ሁሉ "እኛን ዜጎቹን በስህተት እንዳይነካን ምን ጥንቃቄ ተደረገ?" ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ከምርጫው በኋላ ይህን በደብዳቤ እንጠይቅ። እስከዚያው ስማችንን እንይ።

---

አዲስ_ገቢ | ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ይቅርታ ጥያቄ አለኝ። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነው፤ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ለምርጫ ተመዝገብ የሚል ወረቀት በስሜ በፖስታ መጣልኝ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ "ከላኩልህ ይፈቀድልሃል ማለት ነው" አለኝ። እውነት ነው?

---

ፓራሊጋሏ | ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

በፍጹም! ወንድሜ፣ ወረቀቱን ቀድደህ ጣለው።

የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ በደንብ ልንገርህ። ያንን ወረቀት አንዳንድ ድርጅቶች ከገዙት የአድራሻ ዝርዝር ላይ በጅምላ የሚልኩት ነው። ስምህ መኖሩ ምንም ማለት አይደለም። ከ1996 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ከሰጠ ወንጀል ነው። ለእስር ያበቃል፤ ከአገርም ያስባርራል። "አላወቅኩም ነበር" ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም። ሳይመርጡ መመዝገብ ብቻ እንኳ ጣጣ አለው። ዜግነት ስታመለክት ፎርሙ ላይ "ለምርጫ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ? መርጠህ ታውቃለህ ወይ?" ብሎ ይጠይቅሃል፣ መሐላ ፈጽመህ ነው የምትመልሰው።

ዲሲ ለምትኖሩ፦ ዘንድሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቅዷል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክም ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ይህ ለከተማ ምክር ቤትና ለመሳሰለው ብቻ ነው። ፕሬዚዳንትና ኮንግረስ የለበትም። ሕጋዊ ቢሆንም የዜግነት ማመልከቻ ያለው ሰው ከመሄዱ በፊት ጠበቃውን ቢጠይቅ እመክራለሁ።

ቀድሞ ሳያውቅ የተመዘገበ ካለ፣ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ራሳችሁም ሄዳችሁ አትሰርዙ። መጀመሪያ ጠበቃ። ይህን በሥራዬ ብዙ ስላየሁት ነው አጥብቄ የምናገረው። አንድ ፊርማ ቤተሰብ ይበትናል።

---

አዲስ_ገቢ | ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ልጁንም አሁን ደውዬ ነገርኩት፣ እሱም ግሪን ካርድ ነው።

---

ቬጋስ_ሌሊት_ሹፌር | ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ኔቫዳ ባሎቱ ለሁሉም መራጭ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ለእኛ ለሌሊት ታክሲ ነጂዎች ትልቅ ነገር ነው። ግን የኛ ጣጣ ፊርማ ነው።

ፖስታው ጀርባ ላይ የምትፈርመው ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ በአማርኛ ነበር የፈረምኩት፣ አባቴ ያስተማረኝን፣ ስሜን በቁሙ ጽፌ ከሥሩ ጅራት ያለው። ከዚያ ሥራ ላይ፣ ባንክ ላይ፣ በየማሽኑ ላይ በጣት እየፈረምኩ ሌላ ፊርማ ሆነ። ዘንድሮ ባሎቴን ስልኬ ላይ ሳጣራ "ፊርማ አልገጠመም" ይላል። ሰው እንዳይደናገጥ፦ ይስተካከላል። በቴክስት ወይም በደብዳቤ ያሳውቁሃል፣ አንተ መሆንህን ታረጋግጣለህ፣ ይቆጠራል። ማረሚያው እስከ ኖቬምበር 12 ድረስ ነው። ዋናው መልእክቱን "ስካም ነው" ብሎ አለማጥፋት ነው። ጓደኞቼ ሁለቱ አጥፍተውት ነበር፤ ካውንቲው ድረስ ደውለው አረጋገጡ።

እዚህ በሁለቱም ወገን ስለ ቲፕ ግብር ቃል እየገቡልን ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ሲገባ "ለማን ነህ?" ይላል። እኔ አልመልስም። ሌሊት ነው፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ሰው ጠጥቷል። አንዱ ባለፈው ሳምንት ለምን አትመልስልኝም ብሎ በሩን ከፍቶ መንገድ መሃል ሊወርድ ነበር።

---

ኦሃዮ_ኮሎምበስ | ዓርብ፣ ኖቬምበር 1

የቬጋሱ ወንድማችን እንዳለው ነው። ስፕሪንግፊልድ ከእኛ አንድ ሰዓት አትሞላም። ሴፕቴምበር 10 በክርክሩ ላይ ሄይቲዎች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ ከተባለ በኋላ ያቺ ከተማ ከ30 በላይ የቦምብ ማስፈራሪያ ደረሳት። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ገዥው ዲዋይን ሪፐብሊካን ናቸው፣ ወሬው ሐሰት ነው ብለው ልጆቹን የሚጠብቅ ፖሊስ ላኩ።

ይህን የማነሳው ሄይቲዎቹ በሕጋዊ ወረቀት የመጡ፣ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ስለሆኑ ነው። ብዙዎቹ ያላቸው ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ነው፤ የእኛም ሰዎች ያላቸው ወረቀት ማለት ነው። ዛሬ በእነሱ ላይ የተወራው ነገ በእኛ ላይ ላለመወራቱ ዋስትና የለንም። ልጄ ትምህርት ቤት "እናንተስ ምን ትበላላችሁ?" ተብላ ተጠይቃ መጣች። የ9 ዓመት ልጅ ናት። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ እንጀራ እንዳላደርግ ለመነችኝ።

እኔ ባለፈው ሳምንት መርጫለሁ። ሁለት ሰዓት ተሰልፌያለሁ። ሰልፉ ላይ ሁሉም ዓይነት ሰው ነበር፤ ኮፍያ ያደረገም ያላደረገም። ከፊቴ የነበሩት ነጭ ሽማግሌ ልጄን አቅፌ ሲደክመኝ አይተው ቦታዬን ይዘውልኝ ተቀመጥኩ። ለማን እንደመረጡ አላውቅም፣ አልጠየቅኳቸውም።

---

ሲልቨርስፕሪንግ_እናት | ዓርብ፣ ኖቬምበር 1

ኦሃዮ እህቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ።

የቋንቋ ነገር አልተነሳም። እናቴ ዜጋ ናት፣ እንግሊዝኛ ግን አታነብም። ብዙ ሰው በፌዴራል ሕግ አማርኛ ባሎት ማግኘት ያለብን ይመስለዋል። የለም። የምርጫ መብት ሕጉ የቋንቋ ክፍል የሚሸፍነው ስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችና የአላስካ ቋንቋዎችን ብቻ ነው። ከአፍሪካ አንድም የለበትም። እኔ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ዲሲ ግን በራሱ የ2004 ሕግ አማርኛን አስገብቷል፤ የምርጫ መረጃ በአማርኛ ታገኛላችሁ።

ሌላ ቦታ ያላችሁ ይህን ያዙ፦ ማንበብ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የነፍስ አባት፣ ማንም። የማይፈቀደው አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነው። አስመራጩ "ብቻቸውን ይግቡ" ካለ በትህትና "ረዳቷ ነኝ፣ የምፈርመው ፎርም ካለ ስጡኝ" በሉ።

እኔ እናቴን ይዤ ገብቼ ነበር። ባሎቱ ከፊትም ከኋላም ነው። ፕሬዚዳንቱ ላይ አላመነታችም፣ ሴናተሩ ላይም እንዲሁ። ጥያቄ 1 ላይ ስንደርስ፣ የሜሪላንድ የውርጃ ጉዳይ ማለቴ ነው፣ ብዕሩን ተቀበለችኝና "ይሄን የኔ ነው" ብላ ራሷ አጠቆረችው። ምን እንደመረጠች አላየሁም። የምትረዱ ልጆች፣ አንብቡላቸው፤ አትምረጡላቸው።

---

ሸዋ_በዳላስ | ዓርብ፣ ኖቬምበር 1

ማክሰኞ ማታ ውጤት ይታወቃል ወይ? እዚህ ሰዉ ሁሉ "ሌሊት ላይ ይሰርቁታል" እያለ ነው።

---

ክላርክስተን_ልጅ | ዓርብ፣ ኖቬምበር 1

ላይታወቅ ይችላል። በ2020 የታወቀው ቅዳሜ ነው፣ ከአራት ቀን በኋላ። ምክንያቱ ስርቆት አይደለም። ፔንሲልቫኒያና ዊስኮንሲን በፖስታ የመጣን ባሎት ከምርጫው ቀን ጠዋት በፊት መክፈት በሕግ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ማታ መጀመሪያ የምታየው በአካል የተመረጠውን ነው፣ የፖስታው እየቆየ ይጨመራል። በፖስታ የሚመርጠው በብዛት ዴሞክራት ስለነበር ያኔ ቁጥሩ ሌሊት ተለወጠ። ፍሎሪዳ ቀድማ መክፈት ስለምትችል ቶሎ ትጨርሳለች። ማክሰኞ ማታ ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው ግራፍ እያሳየ ቢጮህ ይህን አስታውስ።

---

መቅዲ_አናንዴል | ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ቅድመ ምርጫው ዛሬ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ላይ በአሜሪካ አቆጣጠር ይዘጋል። ሰልፍ ውስጥ ከሆናችሁ ሰዓቱ ቢያልፍም ትመርጣላችሁ እንጂ አይመልሷችሁም፤ ከሰልፉ አትውጡ።

---

ታዲዮስ_የድሮው | ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

መቅዲ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን መኪና የሌላቸውን እናቶች ማክሰኞ የምናደርስ ሰዎች ተሰባስበናል። አንድ ጥያቄ፦ ማክሰኞ እንደ ቅድመ ምርጫው የትም ጣቢያ ይቻላል?

---

መቅዲ_አናንዴል | ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

አይቻልም ጋሼ። ማክሰኞ ቨርጂኒያ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው በአድራሻው የተመደበለት ጣቢያ ነው የሚሄደው። አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ካልሆኑ በስተቀር ሁሉንም አንድ ቦታ እንዳትወስዷቸው። የእያንዳንዷን አድራሻ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ጣቢያዋን እያየሁ ዛሬ ማታ እመልስልዎታለሁ።